ጆሮ ደግፍ በኮሌጅ ማደሪያዎች፦ ክትባቱ፣ አምስቱ ቀናትና የተቋማት ኃላፊነት

ጆሮ ደግፍ በአብዛኛው የሕፃናት ሕመም ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ በልጅነታቸው ሳይዛቸው ያደጉ ወጣቶችን ሲይዝ በሕፃናት ላይ ከሚያደርሰው የበረታ ጉዳት ያስከትላል። ብዙ ተማሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኮሌጆችና የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ደግሞ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊዛመት ይችላል። የበሽታው መከላከያ ክትባት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቢሆንም በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ አልተካተተም። በዚህም ምክንያት በሽታው በአንድ ተቋም ውስጥ ሲከሰት ኃላፊዎች ተማሪዎቹን ማስከተብ፣ ለይቶ ማቆየት ወይም ወደየቤታቸው መሸኘት ከሚሉት አማራጮች መካከል በፍጥነት መወሰን ይጠበቅባቸዋል።

ይህ ጽሑፍ የበሽታውን ባሕርይ፣ የክትባቱን ጥቅምና ወሰን እንዲሁም የተቋማት፣ የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎችን ያቀርባል። ለማሳያነትም የምሥራቅ ጎጃም ዞንን፣ በተለይም የደብረ ኤልያስ ወረዳን ሁኔታ ይመለከታል።

የበሽታው ምንነት

ጆሮ ደግፍ በቫይረስ አማካይነት የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ ዋነኛ መለያው ከጆሮ ሥር ያሉት የምራቅ ዕጢዎች በአንድ ወይም በሁለት ወገን ማበጥ ነው። ከእብጠቱ ቀደም ብሎ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ይታያሉ። ሕመምተኛው በሚያኝክበትና በሚውጥበት ጊዜ ሕመሙ ይበረታበታል። የተወሰኑ ሰዎች ግን በቫይረሱ ተይዘው ምንም ዓይነት እብጠት ሳያሳዩ ለሌሎች ሊያስተላልፉ ይችላሉ።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በምራቅና ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጡ ጠብታዎች አማካይነት ነው። በማስነጠስ፣ በማሳል፣ ተቀራርቦ በመነጋገር፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣትና ማንኪያ በመዋዋስ ይዛመታል። በአንድ ገበታ ዙሪያ መቀመጥና መጎራረስ የመቀራረብና የመዋደድ መግለጫ በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ የመተላለፊያ መንገድ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።

ለአስተዳደራዊ ውሳኔ መነሻ የሚሆኑ ሁለት የጊዜ ልኬቶች አሉ። የመጀመሪያው ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባበት ቀን አንስቶ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ16 እስከ 18 ቀናት፣ ሲያጥር 12፣ ሲረዝም ደግሞ 25 ቀናት ይወስዳል። ሁለተኛው ሕመምተኛው በሽታውን የሚያስተላልፍበት ጊዜ ሲሆን፣ ይኸውም በተለይ እብጠቱ ከመታየቱ ሁለት ቀናት በፊት ጀምሮ ከታየ በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ነው።

በሽታውን የሚፈውስ መድኃኒት የለም። ሕክምናው ትኩሳትንና ሕመምን የሚያስታግሱ እንደ ፓራሲታሞል ያሉ መድኃኒቶችን መስጠት፣ በቂ ፈሳሽ መውሰድ፣ ለስላሳ ምግብ መመገብና ዕረፍት ማድረግ ነው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በቫይረስ ላይ ስለማይሠሩ ለዚህ በሽታ መታዘዝ የለባቸውም። ያበጠውን ቦታ መተኮስ ወይም መብጣት ሌላ ቁስልና ኢንፌክሽን ከማስከተል በቀር ጥቅም አይሰጥም።

በወጣቶች ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

አብዛኛው ሕመምተኛ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ሆኖም ለአካለ መጠን ከደረሱና ክትባት ካልወሰዱ ወንዶች መካከል ከመቶ እስከ 30 የሚሆኑት የዘር ፍሬ ማበጥና ከፍተኛ ሕመም ያጋጥማቸዋል። ይህ ሁኔታ የዘር ፍሬን መጠን ሊቀንስና የመውለድ አቅምን ሊያዳክም ቢችልም፣ ሙሉ በሙሉ መካን የሚያደርገው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በሴቶች ላይም የእንቁላል ማምረቻ አካል ወይም የጡት ማበጥ ሊከሰት ይችላል።

ከዚህ በተጨማሪ ቫይረሱ የአንጎል ሽፋንን፣ ቆሽትን፣ አልፎ አልፎም አንጎልን ሊያጠቃ ይችላል። የመስማት ችሎታን በድንገት ማጣትም ከታወቁት ጉዳቶች አንዱ ነው። ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ የዘር ፍሬ እብጠት ወይም የመስማት ችግር የታየበት ተማሪ በማደሪያው እንዲቆይ ሳይደረግ ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። በተለይ የአንገት መገተርና ከፍተኛ ትኩሳት ፈጣን ሕክምና የሚያስፈልገው በባክቴሪያ የሚመጣ የማጅራት ገትር በሽታ ምልክቶች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በተቋሙ ውስጥ ጆሮ ደግፍ አለ በሚል ግምት መታለፍ የለባቸውም።

ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ተጋላጭነት

ክትባቱ በማይሰጥባቸው ሀገሮች ጆሮ ደግፍ በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ሲሆን፣ ወረርሽኙም በየሁለት እስከ አምስት ዓመት ይመላለሳል። በሽታው አንድ ጊዜ የያዘው ሰው በአብዛኛው ዕድሜውን በሙሉ የመከላከል አቅም ይኖረዋል። በመሆኑም ሕዝብ ተጠጋግቶ በሚኖርባቸው ከተሞች ብዙ ሰው በልጅነቱ ይይዘውና በአዋቂነቱ ከሥጋት ነፃ ይሆናል። ተራርቆ በሚኖር የገጠር ሕዝብ ውስጥ ግን ቫይረሱ ሳያገኛቸው ለአካለ መጠን የሚደርሱ ወጣቶች ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል።

ይህ ሁኔታ ከመቶ ዓመት በፊት በወታደር ካምፖች በግልጽ ታይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከገጠር የተመለመሉ ወጣቶች ከከተማ ልጆች ጋር በአንድ ሰፈር ሲሰባሰቡ፣ በፈረንሳይ በነበረው የአሜሪካ ጦር ውስጥ ብዙ የሥራ ቀናት እንዲባክኑ ካደረጉት በሽታዎች ጆሮ ደግፍ ቀዳሚው ነበር። የዛሬ ተማሪዎች ማደሪያም በዚህ ረገድ ከወታደር ካምፕ ብዙም አይለይም። ከተለያየ አካባቢ የመጡ ወጣቶች በተደራራቢ አልጋ ያድራሉ፤ በአንድ ካፌ ይመገባሉ፤ በአንድ አዳራሽ ይማራሉ።

የምሥራቅ ጎጃም ዞን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ዞኑ ከ2 ሚሊዮን 150 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረው ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ነበር። ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ከሚገኘው ደብረ ኤልያስ፣ እንዲሁም ከቢቸናና ከሞጣ አካባቢ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጡ ወጣቶች ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ሕንፃ ማደር የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተመሠረተው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎች የመንግሥት ተቋማት ተማሪዎቻቸውን የሚቀበሉት ከመላ ሀገሪቱ በመሆኑ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በሽታው በልጅነት የያዘውና ያልያዘው ተማሪ ጎን ለጎን ሊያድሩ ይችላሉ።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለአብነት ትምህርት ቤቶችም ያስፈልጋል። ደብረ ኤልያስ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን የመሳሰሉ ታላላቅ ሰዎች የተማሩበት የቅኔ መፍለቂያ ደብር ነው። ከሩቅ ሀገር የሚመጡ የአብነት ተማሪዎች በጠባብ ጎጆዎች ተጠጋግተው የሚያድሩ ስለሆነ፣ የወረዳ ጤና ባለሙያዎች ክትትል ኮሌጆችን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም የትምህርት ማዕከላት ማካተት አለበት።

ክትባቱና በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

ዛሬ በስፋት ከሚሠራባቸው የጆሮ ደግፍ ክትባቶች አንዱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሞሪስ ሂልማን ከታመመች ልጃቸው ጉሮሮ በወሰዱት ናሙና አማካይነት ነው። ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ፈቃድ አገኘ። ከአራት ዓመታት በኋላም ከኩፍኝና ሩቤላ ከሚባለው የጀርመን ኩፍኝ ክትባቶች ጋር ተዋሕዶ በአንድ መርፌ መሰጠት ጀመረ። ይህ የሦስትዮሽ ክትባት በምህጻረ ቃል ኤም ኤም አር እየተባለ ይጠራል። ለአሜሪካ የመኖሪያ ቪዛ የሕክምና ምርመራ የሚያደርጉ ኢትዮጵያውያንና ወደ ውጭ ሀገር ለትምህርት የሚሄዱ ብዙ ተማሪዎች ክትባቱን የሚያውቁት በዚሁ ስም ነው።

በኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ መነሻው ስድስት በሽታዎችን፣ ማለትም ኩፍኝን፣ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ፖሊዮንና የሳንባ ነቀርሳን መከላከል ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 አምስት በሽታዎችን በአንድ የሚከላከለው ክትባት፣ በ2011 የሳንባ ምች፣ በ2013 የሮታ ቫይረስ፣ በ2018 የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ፣ በ2019 ደግሞ ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት ወደ መደበኛው አገልግሎት ገብተዋል። የጆሮ ደግፍ ክትባት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው አቋም፣ ክትባቱ በሚገባ የተደራጀ የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ላላቸውና የኩፍኝና የሩቤላ ክትባት ሽፋናቸውን ከመቶ 80 በላይ አድርገው ለማቆየት ለሚችሉ ሀገሮች እንደሚመከር ገልጾ ነበር። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ነበሩ። በአንድ በኩል ኩፍኝ ብዙ ሕፃናትን የሚገድል በመሆኑ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። በሌላ በኩል ሽፋኑ ዝቅተኛ ከሆነ የቫይረሱ ዝውውር ሳይቋረጥ ስለሚዘገይ፣ በሽታው ከሕፃናት ወደ ወጣቶች ይሸጋገርና ጉዳቱ ሊከፋ ይችላል።

ከዚህ በመነሳት የኢትዮጵያ የኮሌጅ ተማሪዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በልጅነቱ በሽታው ይዞት የዳነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሽታውም ክትባቱም ያላገኘው ነው። በክትባት የሚጠበቀው ይህ ሁለተኛው ወገን ሲሆን፣ በሽታው ይያዘው አይያዘው በእርግጠኝነት የማያውቅ ተማሪም ቢከተብ ጉዳት አይደርስበትም።

የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ

የእንግሊዝ ተሞክሮ ያልተከተበ ትውልድ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ያሳያል። በዚያች ሀገር የሦስትዮሹ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነበር። በ1994 ለትምህርት ቤት ልጆች በተካሄደው ሀገር አቀፍ ዘመቻ ደግሞ የተሰጠው የኩፍኝና የሩቤላ ክትባት ብቻ ስለነበረ ጆሮ ደግፍን አላካተተም። በዚህ መካከል ያለፉት ልጆች አድገው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያዳረሰ ወረርሽኝ ተከሰተ። ከሕመምተኞቹም አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ወጣቶች ነበሩ።

የአሜሪካ ተሞክሮ ደግሞ ክትባቱ ወሰን እንዳለው ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያች ሀገር 6 ሺህ 584 ሕመምተኞች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ይበልጥ የተጠቁት ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በልጅነታቸው ሁለት ጊዜ የተከተቡ ነበሩ። ክትባቱ የሚሰጠው መከላከያ ከዓመታት በኋላ እየቀነሰ መሄዱና የማደሪያ ኑሮ መቀራረብ ለዚህ ምክንያት ሆነዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 የትምህርት ዘመን በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ወረርሽኝ ሲከሰት ለተማሪዎች ሦስተኛ ዶዝ በዘመቻ ተሰጠ። ከ20 ሺህ 496 ተማሪዎች መካከል 259 የሚሆኑት ታመዋል። ሦስት ጊዜ ከተከተቡት ከ1 ሺህ ተማሪዎች 6.7፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ከተከተቡት ደግሞ ከ1 ሺህ 14.5 በበሽታው መያዛቸው ተረጋግጧል። ይህን መሰል ማስረጃ በመመርኮዝ የአሜሪካ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በወረርሽኝ ጊዜ የጤና ባለሥልጣናት ለከፍተኛ ሥጋት የተጋለጡ ናቸው ብለው ለሚለዩዋቸው ሰዎች ሦስተኛ ዶዝ እንዲሰጥ መክሯል።

ይህ ምክር የወጣው ሁለት ጊዜ ለተከተበ ሕዝብ መሆኑን ማስተዋል ያሻል። በኢትዮጵያ ተቋማት ቀዳሚው ጉዳይ አንድም ጊዜ ላልተከተቡት የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ዶዝ ማዳረስ ነው።

በወረርሽኝ ወቅት የሚሰጥ ክትባት

ክትባቱ ለአዋቂዎች የሚሰጠው በሁለት ዶዝ ሲሆን፣ በመካከላቸው ቢያንስ 28 ቀናት ሊኖሩ ይገባል። በአማካይ አንድ ዶዝ ከተከተቡት ከመቶ 70 በላይ፣ ሁለት ዶዝ ደግሞ ከመቶ 85 በላይ የሚሆኑትን ይከላከላል። ከተከተቡ በኋላ የሚታመሙ ሰዎችም የዘር ፍሬ እብጠትን የመሰሉ ከባድ ጉዳቶች የሚደርሱባቸው በጥቂቱ ነው።

ክትባቱ አስቀድሞ በቫይረሱ የተያዘን ሰው ከመታመም አያድነውም። የመከላከል አቅም ለመገንባትም ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ይፈጃል። ዛሬ የሚታይ ሕመምተኛ በቫይረሱ የተያዘው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንታት በፊት ነው። ስለዚህ ክትባቱ በተሰጠ ማግስት የሕመምተኞች ቁጥር መጨመሩ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ክትባቱ አልሠራም ወይም በሽታውን ያመጣው ክትባቱ ነው ወደሚል መደምደሚያ ሊያመራ አይገባም። ኃላፊዎች ይህን ለተማሪዎችና ለወላጆች ክትባቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያስረዱ ከአሉባልታ ይድናሉ።

ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት በመሆኑ የማይሰጣቸው ሰዎች አሉ። ነፍሰ ጡር ሴቶች አይከተቡም፤ የተከተቡ ሴቶችም ለአራት ሳምንታት ያህል ከማርገዝ መቆጠብ አለባቸው። የበሽታ መከላከል አቅማቸው በከፍተኛ ደረጃ የተዳከመ ሰዎች፣ የካንሰር መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያሉና ቀደም ሲል ከዚሁ ክትባት ወይም በውስጡ ከሚገኙት ጄላቲንና ኒኦማይሲን ብርቱ አለርጂ የደረሰባቸው አይከተቡም። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ተማሪዎች የመከላከል አቅማቸው ሁኔታ በሐኪም ከታየ በኋላ ሊከተቡ ይችላሉ። ይህ ማጣራት በግል መካሄድ የሚገባው ሲሆን፣ አንድ ተማሪ ያልተከተበበት ምክንያት በሰልፍ መካከል መጠየቅም ሆነ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚለጠፍ ዝርዝር መገለጽ የለበትም።

ከክትባቱ በኋላ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም መርፌው የተወጋበት ቦታ ሕመም ሊታይ ይችላል። ብርቱ አለርጂ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም የክትባት ቡድኑ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት መያዝና ተከታቢዎችን ለ15 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይገባዋል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በርካታ ዶዝ የያዘ ብልቃጥ ከተበጠበጠ ደግሞ በስድስት ሰዓታት ጊዜ ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት።

የሚገኘው ክትባት ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ አሰጣጡ ግልጽ መሆን ይኖርበታል። ለምሳሌ 3 ሺህ ተማሪዎች ያሉት ተቋም 600 ዶዝ ብቻ ቢያገኝ፣ በመጀመሪያ ሕመምተኞች ከታዩባቸው ሕንፃዎች የሚያድሩ ተማሪዎች፣ ቀጥሎም የተማሪዎች ክሊኒክ ባለሙያዎችና በሆስፒታል የሚለማመዱ የጤና ተማሪዎች ይታያሉ። ክትባቱ ለባለሥልጣን ቤተሰብ ወይም ለቀረበ ሰው ከተሰጠ ሥጋቱ ያለበት ክፍል ሳይሸፈን ይቀራል።

ወጣቶችን በክትባት መድረስ አይቻልም የሚለውን ሥጋት የሀገሪቱ የራሷ ተሞክሮ ያስወግደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በሦስት ምዕራፍ በተካሄደው የማጅራት ገትር ክትባት ዘመቻ ከ1 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎች እንዲከተቡ ተደርጓል። የኮሌጅ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣቶችም በዚያ ዘመቻ የታቀፉ ነበሩ።

ለይቶ ማቆየት ወይስ መሸኘት

ክትባት በእጅ ባይኖርም ወረርሽኙን ለመቀነስ የሚያስችለው ዋነኛ እርምጃ ሕመምተኛን እብጠቱ ከታየበት ቀን አንስቶ ለአምስት ቀናት ለይቶ ማቆየት ነው። ተማሪው በእነዚህ ቀናት ከክፍል፣ ከካፌ፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከስፖርት ሜዳ ይቀራል። ምግብ ወዳለበት ይወሰድለታል። የራሱ ኩባያና ማንኪያም ይኖረዋል።

ተቋሙን ዘግቶ ሁሉንም ተማሪዎች መሸኘት ግን በጥንቃቄ መታየት ያለበት ውሳኔ ነው። ቫይረሱ የተላለፈባቸው ተማሪዎች እስከ 25 ቀናት ድረስ ምልክት ላያሳዩ ስለሚችሉ፣ ጤነኛ መስለው በአውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣና ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሲደርሱ በሽታውን ወደ ቤተሰባቸውና ወደ ታናናሾቻቸው ትምህርት ቤት ሊወስዱት ይችላሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሊከታተሉት ይቻል የነበረው ወረርሽኝ በብዙ ቀበሌዎች ይበተናል። ከሕመምተኛ ጋር የተገናኙና ምልክት የሌላቸው ተማሪዎች ትምህርታቸውን እየቀጠሉ ለ25 ቀናት ክትትል ቢደረግላቸው ይሻላል።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ በተከሰተበት ጊዜ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኝተው የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ለለይቶ ማቆያነት አገልግለው ነበር። ያ ውሳኔ በሽታው ለነበረው አደገኛነት የተወሰደ ሲሆን፣ በጆሮ ደግፍ ላይ እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም። ይሁን እንጂ ክፍሎችን ለለይቶ ማቆያ የማዘጋጀት፣ ምግብ የማድረስና ሕመምተኛን የመመዝገብ ልምድ ዛሬም ይጠቅማል።

የኃላፊዎች ድርሻ

የመጀመሪያው ኃላፊነት በወቅቱ ማወቅ ነው። በማደሪያ ሕንፃዎች የሚሠሩ ፕሮክተሮች ያበጠ ጉንጭ ያለው ተማሪ ሲያዩ በዚያኑ ዕለት ለተማሪዎች ክሊኒክ ማሳወቅ አለባቸው። ክሊኒኩም የሕመምተኛውን የማደሪያ ክፍል፣ የትምህርት ክፍልና እብጠቱ የጀመረበትን ቀን ይመዘግባል። በአንድ ሕንፃ ሁለትና ከዚያ በላይ ሕመምተኞች በተቀራራቢ ጊዜ ከታዩ ሁኔታው ያልተለመደ የበሽታ ክስተት ተደርጎ ለወረዳ ወይም ለከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ይደረጋል። ሪፖርቱ በኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር መዋቅር በኩል ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። የምራቅ ዕጢ እብጠት በሌሎች ምክንያቶችም ሊከሰት ስለሚችል፣ ናሙና በላቦራቶሪ እንዲረጋገጥ ማድረግም የጤና መዋቅሩ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ኃላፊነት ተማሪው ሕመሙን እንዳይደብቅ ማድረግ ነው። አምስት ቀን ከክፍል መቅረት ፈተና የሚያሳጣ ወይም ከሴሚስተሩ የሚያሰናብት ከሆነ ተማሪው አንገቱን በነጠላ ወይም በሻርፕ ሸፍኖ ክፍል መግባቱን ይመርጣል። ስለዚህ የተቋሙ ሬጅስትራርና የትምህርት ክፍሎች በክሊኒኩ የተሰጠን የሕመም ፈቃድ ተቀብለው ማካካሻ ፈተና እንደሚሰጡ በጽሑፍ ማስታወቅ ይኖርባቸዋል። ይህ ደብዳቤ ወጪ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ ለይቶ የማቆየቱ ሥራ መሳካትና አለመሳካት በአብዛኛው የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው።

ሦስተኛው ውኃና ሳሙና ማቅረብ ነው። በካፌዎች መግቢያ የእጅ መታጠቢያ መኖሩ፣ የመጠጫ ዕቃዎች በአግባቡ መታጠባቸውና በመኝታ ክፍሎች መስኮቶች መከፈታቸው ቫይረሱ የሚተላለፍበትን ዕድል ይቀንሳሉ።

አራተኛው የክትባት አቅርቦትን የሚመለከት ነው። ክትባቱ በመደበኛ ፕሮግራም ውስጥ የሌለ በመሆኑ አንድ ተቋም በራሱ ገዝቶ በግቢው ውስጥ ዘመቻ ሊያካሂድ አይገባም። ጥያቄው በዞን ጤና መምሪያና በክልል ጤና ቢሮ በኩል ለጤና ሚኒስቴር ቀርቦ ውሳኔ ማግኘት ይኖርበታል። ክትባቱም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተፈቀደና የቅዝቃዜ ሰንሰለቱ የተጠበቀ መሆን አለበት። ጥያቄው የሕመምተኞችን ቁጥር፣ የተጋለጡ ተማሪዎችን ብዛትና የማከማቻ አቅምን በአሃዝ የያዘ ከሆነ ውሳኔው ይፋጠናል።

አምስተኛው መረጃ ነው። በገጠር ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለወላጆች፣ በተቋማት የተማሪዎች ዲንና የተማሪዎች ኅብረት ለተማሪዎች ተመሳሳይ መልእክት ሊያስተላልፉ ይገባል። ተማሪ ልጁ ታሞ ወደ ቤት የመጣበት ወላጅም እብጠቱ ከታየበት ቀን ጀምሮ አምስት ቀናት እስኪሞሉ ልጁን ለብቻው ማስተኛት፣ ከገበያና ከለቅሶ ቤት ማቆየትና አስጊ ምልክት ሲታይ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል መውሰድ ይገባዋል።

የወረርሽኙ ፍጻሜ

የመጨረሻው ሕመምተኛ ከታየ በኋላ ሁለት ጊዜ 25 ቀናት፣ ማለትም 50 ቀናት ያለ አዲስ ሕመምተኛ ሲያልፉ ወረርሽኙ እንዳበቃ ይቆጠራል። ይህ ጊዜ ከአንድ ሴሚስተር ግማሽ የሚጠጋ ስለሆነ፣ ክትትሉ ሕመምተኞች ሲቀንሱ መቋረጥ የለበትም። ሁለተኛው የክትባት ዶዝም የመጀመሪያው በተሰጠ በ28 ቀናት ሳይረሳ እንዲሰጥ ዝርዝሩ በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ወደ ተቋማት ሲገቡ በበሽታው ያልተነኩ ወጣቶች አብረው ይገባሉ። የምዝገባ ቅጽ ላይ ተማሪው ጆሮ ደግፍ ታሞ ወይም ተከትቦ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ መስመር መጨመር፣ ለአምስት ቀናት ማቆያ የሚሆኑ ጥቂት ክፍሎችን ለይቶ ማወቅና የማካካሻ ፈተና መመሪያን ማጽደቅ ከወረርሽኝ በፊት ሊጠናቀቁ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። እነዚህ የተዘጋጁለት ተቋም ክትባት እስኪደርሰው ድረስ ተማሪዎቹን ከከባድ ጉዳት ለመጠበቅና የመማር ማስተማሩን ሥራ ሳያቋርጥ ለመቀጠል ይችላል።